የጎኑ መውጫ

ከሚሴ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው አዲስዓለም ናት፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ጥላ ዘርግታ ለሰው ማመልከቻ የምትጽፈው፣ የአናጢው የወንዴ ልጅ። ቃሉ ግን የእኔ ነው፣ የአጎትሽ የሙሄ ዓብዱ። ፊደል አልቆጠርሁም። ስለዚህ ደብዳቤው ካማረ ቃሉ የእኔ ስለሆነ ነው፤ ከከፋም ጽሕፈቱ የእሷ ስለሆነ ነው።

ይድረስ ለወንድሜ ለኸይረዲን ልጅ ለረቢአ፤ ከባሕር ማዶ ሙስካት ላለሽው።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አካም ጂርታ? ነጋ ዳ? አላህ ከዓይን ከምቀኛ ይጠብቅሽ፤ እጅሽን ይባርከው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቦርከና ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ሲያለብሰው ከርሞ አሁን ገና ወደ ቦታው ተመለሰ። ማሽላው ቆሟል። ጉልበቴ ሲቀመጥ ደህና ነው፤ ሲነሣ ያማርራል።

በስልክ እናውራ ብለሽ ነበር። አልፈልግም። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ የእኔ ጆሮ አይሰማም፣ ጎረቤቱ ግን ሁሉንም ይሰማል፤ ነገር አይቆረጥም። ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ አዲስዓለም በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ እንደዚያው አድርጊ። ታነብልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትሽ የተወልሽ ቦታ፣ ከእኔ ቤት ጎን ያለው፣ ከአስፋልቱ በኩል ወርዱ ሰባት ሜትር ነው። አዲሱ የከተማው ፕላን ደግሞ ቤት የሚሠራ ሁሉ ከጎረቤቱ ድንበር ሦስት ሜትር ይራቅ ይላል። ከሰባት ሦስት ሲነሣ አራት ይቀራል። አራት ሜትር ቤት ነው ወይስ የበቅሎ ጋጣ? ከፊት የልብስ ስፌት፣ ከኋላ መኝታ ብለሽ የላክሽው ንድፍ አይገባበትም።

ይህን ለማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ለቶፊቅ ነገርሁት። ትሑት ልጅ ነው፤ ቁጭ በሉ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «አባ ሙሄ፣ ሕጉም እኮ ሰው ያውቃል» አለኝ። ቦታው ለጠበበበት ሰው ልዩ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፤ ያን ያገኘ እስከ ድንበሩ አስጠግቶ ይሠራል። ለዚህ ማመልከቻ ይጻፋል፤ የይዞታ ካርታሽ፣ ንድፉና ውክልናው ይያያዛል፤ ድንበር የሚጋራሽ አዋሳኝም ይሁን ብሎ ይፈርማል።

ማመልከቻውን አዲስዓለም ጽፋ ገብቷል። ካርታው ገብቷል። የላክሽው ውክልናም ገብቷል። የቀረው የአዋሳኙ ፊርማ ብቻ ነው። እሱ ይደርሳል።

አዲስዓለም ብዕሩን አቁማ በዓይኗ ታየኛለች። ጻፊ ብያታለሁ፤ እሱ ይደርሳል።

ገንዘብ አትላኪ። በዱዓ አትርሺኝ።

አጎትሽ ሙሄ ዓብዱ

*

ሙስካት፣ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለአባ ሙሄ፤ ደብዳቤዬን ለምታነብላቸው ለእህቴ ለአዲስዓለምም።

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎ። በጤና ያቆይልን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ከስፌት መኪናው ስነሣ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው።

አባ ሙሄ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ሴትዮዋ አርጅታለች፤ ከረመዳን በኋላ ኢዱ እንዳለፈ ሱቁን ትዘጋለች። የመኖሪያ ፈቃዴ በእሷ ስም ስለሆነ ሱቁ ሲዘጋ እኔም እዚህ አልቆይም። አዲስ ቤት ገብቼ አዲስ እመቤት ልለምድ አልፈልግም። እመጣለሁ። ኢዱን አድርጌ እመጣለሁ። ፈቃዱ እስከዚያ ከወጣልኝ ከክረምት በፊት ግድግዳው ይቆማል፤ ካልወጣልኝ ግን ዝናቡ ሜዳ ላይ ያገኘኛል።

ስለዚህ ልጠይቅዎ። ያልፈረመው አዋሳኝ ማን ነው? እኔ ሳውቀው በአንድ ወገን የእህል መጋዘኑ ግንብ ነው፤ እሱ ድሮውንም ድንበሩ ላይ ስለቆመ በዚያ በኩል ራቂ የሚለኝ የለም። ከኋላ የመስጊዱ መንገድ ነው። በሌላው ወገን ያሉት እርስዎ ነዎት። ሌላ አዋሳኝ አላውቅም። ሰው ገዝቶ ገብቶ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ስልኩን አምጡልኝና እኔ ራሴ እለምነዋለሁ። ሰው መለመን አልፈራም።

ልጅዎ ረቢአ ኸይረዲን

*

ከሚሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጻፈችው አዲስዓለም፣ የተናገርሁት እኔ ሙሄ።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለምን ዘገዩ አትበዪኝ። ቢሮው አልተዘጋም፤ ቶፊቅም ባየኝ ቁጥር «አባ ሙሄ፣ ያቺን ነገር» ይለኛል። አዲስዓለምም አልታመመችም። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። አዋሳኙም እኔ ነኝ። ያልፈረምሁትም እኔ ነኝ።

አሁን ተናገርሁ። አዲስዓለም «እሰይ!» አለች። እሰይ ያለችውንም ጻፊ ብያታለሁ።

ስሚ ረቢአ። በአንቺ ቦታና በእኔ ቤት መካከል ያለውን መተላለፊያ ታውቂያለሽ፤ የጎን በሬ የሚከፈትበት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ መስጊዱ የሚያወጣው። በካርታ ያንቺ ነው፤ አልክድም። አባትሽ በሕይወት ሳለ ቤቱን ወደዚያኛው ግንብ አስጠግቶ የሠራው ለዚሁ ነው። «ሙሄ፣ ይኸ ይቅር፤ መውጫ ነው» አለኝ። ጭቃ ቤቱ ፈርሶም መውጫው አለ።

አባታችን ዓብዱ በዚያ ወጡ። እናታችን በዚያ ወጣች። ሚስቴ ሰዓዲያ፣ አላህ ይዘንላት፣ በዚያ ወጣች። አባትሽም በዚያ ወጣ። ቁመቱን ታውቂያለሽ፤ የመስጊዱ ቃሬዛ አጥሮት እግሩ ተርፎ ነበር። ግን አንድም ጊዜ ሳያጋድል፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ አራት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጣ። አንቺ አላየሽም። አላየሽም ስል መውቀሴ አይደለም፤ ስላላየሽ ልንገርሽ ብዬ ነው።

አንቺ ድንበሩ ላይ ግንብ ካቆምሽ የጎን በሬ ይደፈናል። ከኋላዬ የመስጊዱ የውዱእ ቤት ግንብ ነው። የሚቀረኝ የፊት በሩ ነው። እሱም ቢሆን መንገዱ ሲሰፋ አስፋልቱ ከፍ ብሎበት ቀረ፤ ከደጄ ሥር ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ። ቦዩ ላይ ያለችው ድልድይ አንድ ሰው ታሳልፋለች፤ እሱንም ከጠጣ ትጥለዋለች። ታዲያ እኔን በየት ሊያወጡኝ ነው? እንደ ጤፍ ጆንያ አቁመው?

መኖሩንስ በቀዳዳም እየሾለክሁ እኖራለሁ። ሰው ሲወጣ ግን እንደ ሰው ይውጣ።

ቤት ካጣሽ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ። ሁለት ክፍል ባዶ ነው፤ አይጥ ነው የሚኖርበት። የስፌት መኪናሽንም አንዱ ላይ አስቀምጪ። ይኸው ነው።

ሙሄ

*

ሙስካት፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባ ሙሄ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የአክስቴ ልጅ ሳቢራ ከጨፋ ሮቢት ማር እንደላከችልዎት ሰምቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ይቅመሱት።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብሁት። መልስ ለመጻፍ ወረቀት አውጥቼ መልሼ አስቀመጥሁ። ቢቆጡ ይሻላል እንጂ ዝም ማለት ደግ አይደለም ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

ከእኔ ጋር ኑሪ ስላሉኝ አላህ ይስጥልኝ። አባት እንደዚህ ነው የሚለው። ግን አባ ሙሄ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ነው ያደርሁት። በሰው ትራስ፣ በሰው መብራት። መብራት አጥፊ ሲሉኝ አጠፋለሁ። የሰው ቤት ከፍቶኝ አይደለም፤ ደግ ሴት ናት። ግን የራሴን በር ራሴ ልዝጋ። የእርስዎም ቤት ቢሆን የእርስዎ ቤት ነው። ይህን በክፉ አይዩብኝ።

ድልድይዋን ሰፋ አድርገን ብንሠራትስ? ወጪውን እኔ እችላለሁ። በፊት በር ቢወጡ ምን ይላል?

እሱ ካልሆነ ደግሞ እስኪ ይለኩልኝ። ቃሬዛ ከነተሸካሚዎቹ ስንት ያህል ስፋት ነው የሚሻው? ሦስት ሜትር ሙሉ አይመስለኝም። ትንሽ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ያችኑ ትቼ ቀሪውን ልሠራ እችል ይሆናል። እባክዎን በግምት አይንገሩኝ። በደንብ ያስለኩልኝ።

የሚወድዎት ልጅዎ ረቢአ

*

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዲስዓለም ናት የምትጽፈው፤ እየሳቀች ስለሆነ ጽሕፈቱ ከተንቀጠቀጠ በእኔ አታሳቢ።

ለልጄ ለረቢአ፤ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሞተ የሚል ወሬ ከሰማሽ ውሸት ነው። ይኸው እየተናገርሁ ነው።

አስለኩልኝ አልሽ፤ አስለካሁ። እንዴት እንደነበር ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

የመስጊዱን ዕቃ ከሚጠብቀው ከካሚል ዘንድ ሄጄ ቃሬዛውን ለመለኪያ አውሰኝ አልሁት። «ምን ሊለኩበት ነው?» አለ። «መንገዴን» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ሰጠኝ። ጎረቤቴን ሲራጅንና ሦስት ጎልማሶች ጠራሁ። ባዶውን ተሸክመው በጎን በሩ ገቡ፣ ወጡ። እንደ ቄጠማ! ባዶ ነገር የትም ያልፋል፤ ይኸ ልኬት አይደለም አልሁ። ሰው ሲጫንበት ተሸካሚው ክርኑን ይከፍታል፣ እግሩን ያሰፋል። «ሲራጅ፣ ተኛበት» ስለው ዐይኑ ፈጠጠ። «አባ ሙሄ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። ሌሎቹም ወደ ኋላ ሸሹ። እንግዲህ ማን ቀረ?

እኔ ተኛሁበት።

ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብሁና ተሸከሙ አልኋቸው። የገበያ ቀን ነው፤ ያንን አልቆጠርሁም። ልክ ከጎን በሩ ብቅ ስንል ማዶ ሽንኩርት የምትሸጠው ምንዳዬ አየችን። ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ «ዋይ ሙሄ! ዋይ ጎረቤቴ! ሽንኩርትሽ በደንብ አልተመዘነም ብለኸኝ እንደተቀየምሁህ ሄድህ!» ብላ አስነካችው። ገበያው ተገለበጠ። አህያ የያዘ አህያውን፣ ፍየል የያዘ ፍየሉን እየለቀቀ መጣ። ሰዉ ሁሉ ላ ኢላሀ ኢለላህ ማለት ሲጀምር እኔም አብሬ አልሁ፤ ሰው ዚክር ሲያደርግ ዝም አይባልም። ሲራጅ ከላዩ ላይ ድምፄን ሲሰማ ጫፉን ለቀቀው። ቃሬዛው አጋደለ። በዘራችን አጋድሎ የወጣ ጀናዛ የእኔ ብቻ ነው!

ተነሥቼ ቁጭ ስል ግማሹ ሸሸ። ምንዳዬ ግን አልሸሸችም። መጥታ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝና «የሽንኩርቱን ነገር ያልሁትን መልስልኝ» አለች። ቶፊቅም ከቢሮው ሮጦ መጥቶ ሰው መሃል ገርጥቶ ቆሟል፤ ለለቅሶ የመጣ ነው። ከመጣህ አይቀር ለካ አልሁት። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

የመስጊዱ ሼህ ማታ ከመግሪብ በኋላ ጠርተው «ሙሄ፣ ሞትን ይዘጋጁለታል እንጂ አይለማመዱትም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «አባ ሙሄ፣ መቼ ተመለሱ?» ይለኛል። «ቦታ ጠፍቶ» እላለሁ።

ልኬቱ ይኸው ነው፦ ከነተሸካሚው አንድ ሜትር ከግማሽ ይበቃል። ሳይጠብ ሁለት። ግን ቶፊቅ አይሆንም አለ። ወይ ሦስቱን ሜትር ሙሉ ትተዋለች፣ ወይ ድንበሩ ላይ ትቆማለች፤ በመሃል ቀጭን መተላለፊያ መተው ቆሻሻ መጣያ ይሆናል ብሎ ፕላኑ ከልክሎታል። ድልድይዋን ደግሞ እርሺው። በፊት በር ማለት ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ ማለት ነው። ሞቼም ሹፌር ጡሩምባ እንዲነፋብኝ አልፈልግም።

የራሴን በር ራሴ ልዝጋ ያልሽው ግን አልተቆጣሁበትም። አዲስዓለም ያን ቦታ ስታነብልኝ ድጋሚ አንብቢ አልኋት። ግን መውጫ የለኝም ረቢአ። አንቺም ቤት የለሽም። ይኸው እንዲህ ተፋጠናል።

ሙሄ

*

ሙስካት፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባ ሙሄ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ደግሞ ቃሬዛ ላይ ከመተኛት ይጠብቅዎ።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ሳቢራ ደውላልኝ ነበር። ለገበያ ከጨፋ ሮቢት መጥታ እርስዎ በቃሬዛ ሲወጡ በዓይኗ አይታለች። ቃሬዛው ሲያጋድል እስክታይ አልቆየችም፤ እያለቀሰች ወደ መናኸሪያ ሮጣለች። ስለዚህ አባ ሙሄ፣ እኔ ዘንድ ግማሽ ቀን ሞተው ነበር።

ጭኔ ላይ የሰርግ ልብስ ነበር፤ ጥልፉን እየጨረስሁ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ልብሱን እንዳይረጥብ ወደዚያ አደረግሁት። ከዚያ ምን እንዳሰብሁ ልንገርዎ። እንዴት ሞተ አላልሁም። ማን አጠገቡ ነበር አላልሁም። በየት አወጡት? ነው ያልሁት። ሳቢራ «በጎኑ በር ሲያወጡት» ብላኝ ነበርና እሱ ትዝ አለኝ። እንኳን ሳልሠራ ቀረሁ! ብዬ አላህን አመሰገንሁ። ቤቴ ባለመሠራቱ ደስ ያለኝ ቀን ያ ብቻ ነው።

የአባቴን የነገሩኝ ጊዜ ይህን አልጠየቅሁም። ለመጠየቅም አላወቅሁም። አሥር ጊዜ በሕልሜ ሳየው ሁሌ ከቤት ውስጥ ነው የማየው፤ ወጥቶ አይቼው አላውቅም። እግሩ ከቃሬዛው ተርፎ ነበር ሲሉኝ ነው የወጣልኝ። ቀጥ ብሎ ወጣ ማለትዎን ጽፌ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ማታ ላይ ሳቢራ መልሳ ደውላ «ኧረ ተነሥቷል!» አለችኝ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አለቀስሁ።

አሁን የመጣልኝን ልንገርዎ። በጥሞና ይስሙኝ፤ እህቴ አዲስዓለምም ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ድንበሩ ላይ ልሥራ። ግን የእርስዎ የጎን በር አይደፈን። እንደቆመ ይቁምና ወደ እኔ ቤት ይከፈት፤ ወደ ፊተኛው ወደ ትልቁ ክፍል፣ ወደ ስፌት ቤቱ። የዚያ ክፍል ወርድ ሰባት ሜትር ሙሉ ነው፤ ቃሬዛ ዞሮ ይበቃዋል። ከኋላ ያሰብሁትን መኝታ ወደ ግንቡ ጥግ አጠብበውና በጎኑ እስከ መስጊዱ መንገድ ድረስ ሰፊ መተላለፊያ እተዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት መዝጊያ ያለው በር አደርግበታለሁ። መውጫው ከቤቴ ውጭ አይሁን፤ በቤቴ ውስጥ ይሁን። በእኔ ጣሪያ ሥር አልፈው ይውጡ።

ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ጀናዛ በሚያልፍበት ቤት ኑሮ አይሞቅም ይሉኛል። እኔ ግን የሰርግ ልብስ ነው የምሰፋበት። ሙሽራም በዚያው በር ትወጣለች።

አላህ ፈቅዶ ቀንዎ ሲመጣ፣ አላህ ያርቀው፣ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ እሆናለሁ። የአባቴን ጊዜ ያልነበርሁት ይበቃል።

ልጅዎ ረቢአ

*

ከሚሴ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ብዕሩን አሁንም የያዘችው አዲስዓለም ናት። የእኔ አውራ ጣት ቀለም ስላለበት ዛሬ ምንም ነገር አልነካም።

ለልጄ ለረቢአ ኸይረዲን፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምሽን አላህ ያብዛው፤ መንገድሽን ያቅልለው፤ ባሕሩን በደህና ያሻግርሽ።

ደብዳቤሽ ተነበበልኝ። አዲስዓለም «ምን ልጻፍ?» ብትለኝ ጥላሽን እጠፊና ወደ ቤትሽ ሂጂ አልኋት። ከዚያ የጎን በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ተቀመጥሁ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያች በር የወጡብኝን ሁሉ አሰብሁ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር፤ በዚያች በር የገባብኝ ማንም የለም። ሁሉም ይወጣባታል፣ ማንም አይገባባትም። አንቺ ከዚያ ማዶ ብትሆኚ በጠዋት ከፍተሽ «አባ ሙሄ፣ ቁርስ» ትይኛለሽ። ይኸን ሳስብ ምሳዬን ረሳሁ።

ሰው አላማከርሁም ብል ውሸት ነው። ሼሁን ጠየቅኋቸው። «ቤት ጀናዛ አለፈበት ተብሎ አይረክስም፤ ሰው ካልተላለፈበት ነው የሚረክሰው» አሉ። ከገበያው ሰው ግን «በጀናዛ መንገድ ላይ ማን ልብስ ያሰፋል?» የሚል ተገኘ። ምንዳዬ ሽንኩርቷን ትታ ተነሣች። «ሰው የማይሞትበት ቤት ካለ አሳየኝና እዚያ ላሰፋ!» አለችው። የመጀመሪያዋ ደንበኛሽ እሷ ናት፤ ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ወገቧ ግን ሰፊ ነው፣ ጨርቅ ጨምሪ። ይህን እንዳትነግሪያት።

ቶፊቅ ዘንድ ሄድን። አዲሱን ንድፍሽን ዘርግቶ አየና ጺሙን አሻሸ። በድንበር ግንብ ላይ በር አይከፈትም ይላል ሕጉ፤ አንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ቤት እንዳይገባ ነው አለኝ። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው አልሁት። ሳቀ። ከዚያ ማመልከቻው ላይ አንድ ነገር ይጨመር አለ፤ በሩ የሁለቱም ወገን ይሁን፣ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ አይዝጋው፣ ቤቱ ለሌላ ቢተላለፍም መውጫው አብሮ ይተላለፍ። አዲስዓለም እዚያው ጻፈችው። በሥራዋ ሁሉ እንደዚህ ያለ ማመልከቻ ጽፋ አታውቅም።

ሰኞ ጣቴን አስነካሁ። ቀለሙ ላይ ስጫነው ቶፊቅ «ቀስ አባ ሙሄ፣ ወረቀቱን ይበሱታል» አለኝ። ዛሬ ልዩ ፈቃዱ ወጣ። ለመቀበሌም ጣት አስነኩኝ፤ ለዚህ ነው ጥቁር የሆነው። ታጥቤ አልለቀቀም፤ ይቅር።

አሁን ስለ በሩ ስሚኝ። አናጢው የአዲስዓለም አባት ወንዴ ነው፤ ነግሬዋለሁ። ደፍ አይኑረው፤ ተሸካሚ ይደናቀፋል። የስፌት መኪናሽን ወደ በሩ አታስጠጊ፤ ስትቸኩዪ ታስጠጊያለሽ፣ አውቅሻለሁ፣ እንደ አባትሽ ነሽ። በእኔ በኩል ቁልፍ አይኖረውም። በአንቺ በኩል መቀርቀሪያ ይኑረው፤ የራሴን በር ራሴ ልዝጋ ብለሻልና ዝጊው። እኔ አንኳኩቼ ነው የምገባ። ካልከፈትሽልኝም በፊት በኩል እዞራለሁ፤ ጉልበቴ እስከቻለ።

አንድ ነገር ደግሞ። ቤቱ እንዳለቀ በዚያ በር መጀመሪያ የምወጣው እኔ አልሁን። ከእኔ በፊት ሙሽራ ትውጣበት። ማን እንደሆነች አልናገርም። አዲስዓለም እየሳቀች ነው። ከሳቋ ለአንቺ የሚሆን ሰው የምታውቅ ይመስለኛል፤ ለማንኛውም መምረጡ የአንቺ ነው፣ እኔ በሩን ነው ያልሁት።

እኔ አልቸኩልም። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከቃሬዛ ላይ የሚታየው የጣሪያ ጫፍና ቀጭን ሰማይ ነው። ከእንግዲህ ያንቺን ኮርኒስ አያለሁ። ነጭ ቀቢው።

መሠረቱ ከረመዳን በፊት ይቆፈራል። ኢድሽን እዚያ አድርገሽ ነይ። ገለቶሚ፣ ተባረኪ፣ ኢንተላ ኮ።

አጎትሽ፣ አዋሳኝሽ፣ ሙሄ ዓብዱ

በይ አዲስዓለም፣ ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አትቸኩዪ። «ቁርስ» ያልሁት ጋ ስትደርሺ ቆም በይ፤ እሷን ሁለት ጊዜ ነው የምሰማት።